የወጌሻ ሶርሳ ቀኝ አንጓ

ከሶዶ ወጣ ብሎ፣ ቤሌ አካባቢ አጥንቱ የተሰበረ ሰው ሲገኝ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «ሶርሳ ቤት አሉ?» የሚል ነው። ሰውየው የቱ ላይ እንደተሰበረ፣ እንዴት እንደወደቀ፣ ማን እንደገፋው ሁሉ በኋላ ይደረስበታል። ሶርሳ ቤት ካሉ ነገሩ ግማሹ አለቀ ማለት ነው። ከሌሉ ደግሞ ሞተረኛ ይላካል፤ ገበያም ይሁኑ ጸሎት ቤት ከኋላው አፈናጥጦ ያመጣቸዋል።

አቶ ሶርሳ ወጌሻ ናቸው። ስልሳ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲስቁ ድምፅ ሳያወጡ ትከሻቸው ብቻ የሚንቀጠቀጥ ሰው። አባታቸው ወጌሻ ነበሩ፤ የአባታቸውም አባት እንደዚያው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ብቻቸውን ናቸው ማለትም አይቻል፤ በረንዳቸው ላይ ሁልጊዜ አንድ የሚያነክስ ወይም ክንዱን ያቀፈ ሰው አይጠፋም።

ሥራቸውን ሲሠሩ ያየ ሰው አይረሳውም። መጀመሪያ እጃቸውን በሞቀ ውሃ ይታጠባሉ። ለጋ ቅቤ መዳፋቸው ላይ ያቀልጣሉ። ከዚያ የታመመውን ክንድ በግራ እጃቸው ከሥር ይደግፉና፣ የቀኝ አውራ ጣታቸውን አጥንቱ ላይ አሳርፈው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። አያዩትም። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከሩቅ የሚጣራ ሰው ድምፅ ለመለየት እንደሚሞክር ሰው አንገታቸውን ዘንበል ያደርጋሉ። ታማሚው ይጮሃል፣ ዘመድ «አይዞህ፣ አይዞህ» ይላል፣ እሳቸው ዝም። ትንሽ ቆይተው «አገኘኋት» ይላሉ። ያኔ ነው እንግዲህ አንጓቸው የምትዞረው። አንዴ ብቻ፣ ቁልፍ እንደሚከፍት ሰው። ቋ! ታማሚው ሁለተኛ ሊጮህ አፉን ሲከፍት ነገሩ አልቋል።

«ያበጠ ነገር ዓይንን ያታልላል» ይሉ ነበር። «የኔ ጆሮ ያለው አውራ ጣቴ ላይ ነው።»

ሌላም ልማድ ነበራቸው። የታመመውን ክንድ መቼም ለብቻው አያዩትም። ደህናውን ከጎኑ አስዘርግተው፣ ሁለቱን አንድ ዓይነት አስተኝተው ነው የሚያስተያዩት። «ደህናዋ ለታመመችው ትመሰክራለች» ይላሉ። ይህን ልማድ ያስታውሱልኝ፤ በኋላ ይመጣል።

ይህን ሁሉ ስል ሶርሳ ሳይሳሳቱ የኖሩ ሰው ናቸው ለማለት አይደለም። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የአንድ ገበሬ ክንድ አስረው ነበር፤ በቀርከሃ ስንጥርና በጨርቅ፣ ጥብቅ አድርገው። በሦስተኛው ቀን እንዲመለስ ነግረውታል። ዝናብ ሆነ፣ ወንዝ ሞላ፣ ሰውየው በሰባተኛው ቀን መጣ። ጣቶቹ ጠቁረዋል። ሶዶ ሲወሰድ እጁ ከክርኑ በታች ተቆረጠ። ሶርሳ ይህን ሲያወሩ ስለ ወንዙ መሙላት አንድም ቀን አንስተው አያውቁም። «እኔ አጠበቅኩት» ነው የሚሉት።

ያንን እጅ የቆረጠው ሚልክያስ ነው። ዶክተር ሚልክያስ ማለቴ ነው፣ የአጥንት ቀዶ ሐኪም፤ አብሮ አደጌ ስለሆነ ግን አንቱ ማለት አይሆንልኝም። ያኔ ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ሶዶ ከተመለሰ ገና ወሩ ነበር። ከኦፕራሲዮን ክፍል ሲወጣ በቁጣ የገበሬውን ወንድም ይዞ፣ «ለዚያ ሽማግሌ ንገርልኝ። ሁለተኛ እንዲህ አጥብቆ ካሰረ እኔ ራሴ ቤሌ ድረስ መጥቼ ነው የማስረው!» አለው።

መልእክት ቤሌ ሲደርስ አይጎድልም፤ ቢጨመርበት እንጂ። ሶርሳ ሰሙት። ከሳምንት በኋላ በሌላ ታማሚ አፍ መልስ ላኩ። «ልክ ነህ በሉት። ግን ስድብ ብቻ አይላክብኝ። የቱን ልላክለት፣ የቱን ላስቀር፣ እሱን ይንገረኝ።»

ሚልክያስ ይህን ሲሰማ እንዳፈረ ራሱ ነግሮኛል። ቁጭ ብሎ አሰበና መለሰ። ቆዳ ቀድዶ የወጣውን፣ መገጣጠሚያ ውስጥ የገባውን፣ ጣቱ የቀዘቀዘውን ይላኩልኝ፤ ሌላው የእርስዎ ነው አለ።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሰዎች በታማሚ አፍ ሲነጋገሩ ዘጠኝ ዓመት ሆናቸው። ሶርሳ የማይሆንላቸው ስብራት ሲመጣ ቅቤም ቀርከሃም አያስነኩትም። ክንዱን በነጭ አቡጀዲ አንገቱ ላይ ያንጠለጥሉና ጫፉን ሁለት ጊዜ ይቋጥሩታል። ሁለት ቋጠሮ ማለት «ይቺ የኔ አይደለችም» ማለት ነው። ሆስፒታሉ ውስጥ ነርሶቹ ሳይቀሩ ያውቁታል። «የቤሌው ሽማግሌ የላኩት ሰው መጥቷል» ሲባል ሚልክያስ ከወረፋው አስቀድሞ ያየዋል። ሁለቱ ግን ተያይተው አያውቁም ነበር።

ባለፈው ሐምሌ ላይ አንድ ሰው ከአቮካዶ ዛፍ ወድቆ ትከሻው ወለቀ፤ እንደተለመደው ሞተረኛ ተላከ። መንገዱ ቀይ ጭቃ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩ ተንሸራተተ። ሞተረኛው ተነስቶ ጭቃውን አራገፈ። ሶርሳ ቀኝ እጃቸውን አስቀድመው ነበር የወደቁት።

«አባባ፣ ምን ሆኑ?»

«ምንም። ትከሻ የወለቀው ሰው ቤት ሩቅ ነው?»

«ደርሰናል፣ ያውና።»

ሄዱ። ሰውየውን መሬት ላይ አስተኝተው፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ ተረከዛቸውን ብብቱ ውስጥ አድርገው በግራ እጃቸው ብቻ ጎትተው ትከሻውን መለሱለት። ሰውየው አመስግኖ ቀና ሲል ነው የሶርሳን ቀኝ እጅ ያየው። አንጓው ላይ እንደ ተገለበጠ ሹካ ጀርባ ጎብጧል። ሶርሳ ጥግ ሄደው ተቀመጡና በግራ አውራ ጣታቸው ደባበሱት። አራት ቦታ። አንደኛዋ ስንጥቅ መገጣጠሚያው ውስጥ ገብታለች። አቡጀዲ አምጡልኝ አሉ። አንዱን ቋጠሮ በግራ እጃቸውና በጥርሳቸው አሰሩ። ሰዎቹ እናግዝዎት ቢሏቸው እንቢ ብለው ሁለተኛውንም በጥርሳቸው ቋጠሩ። ከዚያ ለሶዶው አውቶብስ ወጥተው ቆሙ።

ሚልክያስ በማግስቱ ጠዋት ወደ ተመላላሽ ክፍል ሲገባ ኮሪደሩ ላይ የተቀመጡ ረጅም ሽማግሌ አየ። ጨርቁን አየ፤ ቋጠሮውን አየ።

«አባባ፣ የቤሌው ሽማግሌ ናቸው የላኩዎት?»

«አዎ» አሉ ሶርሳ።

«ምን አሉዎት?»

«ይቺ የኔ አይደለችም አለኝ።»

ሚልክያስ ቋጠሮውን ሊፈታ ጎንበስ ሲል ጨርቁ ላይ የጥርስ ምልክት አየ። ቀና አለ።

«እርስዎ ነዎት?»

«ላስርህ እመጣለሁ ብለህ ዘጠኝ ዓመት አስጠበቅከኝ። እኔው መጣሁልህ።»

ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ሳቃቸው ነው። ሚልክያስ ግን መሳቅ አልቻለም። ጎብጦ የቀረውን አንጓ አየና ወደ ራጅ ክፍል ይዟቸው ሄደ።

ራጅ ተነሱ። ሶርሳ አስቀድመው እንደነገሩት አራት ቦታ ነው።

«እንዴት ቆጠሯት?»

«የራስ ስትሆን ሕመሙ ይቆጥርልሃል።»

ሚልክያስ ከቁምሳጥኑ አንዲት ነገር አወጣ። ከትንሽ ጣት ብዙም የማትበልጥ ብረት፤ ጭንቅላቷ ሰፋ ያለ፣ ወገቧ ቀጭን፣ እንደ አዝራር ቀዳዳ ቀዳዳ ያለባት። ፕሌት ይሏታል። ከመዳፉ በኩል ተከፍቶ አጥንቱ ላይ ትቀመጥና በብሎን ትያዛለች፤ የተሰነጣጠቀውን ሰብስባ ትይዛለች። ጀሶ ለዚህ አይሆንም፤ ውስጥ ለውስጥ ይንሸራተታል ብሎ አስረዳቸው።

ሶርሳ በግራ እጃቸው ተቀብለው አገላበጧት። ጠርዟን፣ ጉብጠቷን፣ ቀዳዳዎቿን በጣታቸው ዳሰሱ።

«ይቺማ የኛው ቀርከሃ ናት፤ ቆዳ ውስጥ ገባች እንጂ።»

«በትክክል፣ አባባ።»

«በል ታዲያ አግባልኝ።»

«ይቺ የግራ እጅ ናት።»

ሶርሳ ቀና ብለው አዩት።

«እንደ ጫማ ናቸው» አለ ሚልክያስ። «የቀኝና የግራ አላቸው። ጭንቅላቷ ወደ አውራ ጣት በኩል ነው የምታዘነብለው። የቀኙ አልቆብናል። ሰው ሲወድቅ ቀኝ እጁን ነው የሚሰድደው፤ ቶሎ የሚያልቀውም እሱ ነው።»

«የግራ ጫማ እኮ እያነከሱም ቢሆን ይኬድበታል።»

«በዚች አይኬድባትም፣ አባባ። ጭራሽ አትቀመጥም። አዝዘናል፤ እስኪመጣ እንጠብቃለን።»

«ስንት ቀን?»

«እሱን አላውቅም» አለ ሚልክያስ።  ሶርሳ ፕሌቷን መልሰው ሰጡትና «አጥንት ግን አይጠብቅም» አሉ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ለመረዳት ሶርሳ የሚያውቁትን ማወቅ ያስፈልጋል። በሳቸው ቋንቋ የተሰበረ አጥንት በመጀመሪያው ሳምንት ውሃ ነው፤ ወዴትም ይሄድልሃል። በሁለተኛው እርጎ ነው። በሦስተኛው አይብ ይሆናል፤ ያኔም ጎበዝ እጅ ካገኘ እሺ ይላል። ከዚያ ወዲያ ግን የተመረገ ግድግዳ ነው፤ ጠማማም ሆኖ ከደረቀ ጠማማ ግድግዳ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ፕሌቱ ነገ ይመጣል፣ ከነገ ወዲያ ይመጣል እያለ በተስፋ ይቀመጥ ነበር። ሶርሳ ግን ጠዋት ጠዋት ሲነሱ ፕሌቱ እስኪመጣ በተደረገላቸው ጊዜያዊ ጀሶ ውስጥ ያለው አጥንታቸው ምን ላይ እንደደረሰ ያውቁታል። «ዛሬ ረግቷል» ይላሉ ለልጃቸው። እሷ ደግሞ ምን ትበል?

ልጃቸው ትህትና ሶዶ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምትሠራው። አባቷን እቤቷ አስቀምጣ፣ ጠዋት ወደ ሆስፒታል ደውላ ሥራዋ ትሄዳለች፤ በምሳ ሰዓት ደግሞ ትደውላለች። አስር ቀን እንዲህ አለፈ። ሚልክያስ በበኩሉ የሚያውቃቸው ሆስፒታሎች ሁሉ ጋ ደወለ። አንዱ ጋ ዕቃው አልቋል፣ አንዱ ጋ የእግር እንጂ የእጅ የለም፣ አንዱ ጋ ደግሞ የግራ አለ ተባለ። በአስራ አንደኛው ቀን ትህትናን ጠርቶ ወረቀት ጻፈላት።

«አዲስ አበባ ዘመድ አላችሁ?»

«የአክስቴ ልጅ አለ፤ ወንደሰን። ሹፌር ነው።»

«ጥሩ። ይቺን ወረቀት ላኪለትና የሕክምና ዕቃ ከሚሸጡት ጋ ይዞር። የራጁንም ፎቶ አንሺና ላኪለት፤ ማየት ይፈልጋሉ።»

ብሩን ዘመድና ምእመናን ቀድመው አሰባስበው ስለነበር እሱ አላስቸገረም። ፕሌቱ በዓለም ላይ አለመኖሩ ነበር ያስቸገረው፤ ትህትና እንዳለችው።

ፎቶው የተነሳው እሑድ ነው፤ ከጸሎት መልስ። ያን ቀን የትህትና ቤት ሰው አይችለውም ነበር። ከቤሌ ሁለት ሚኒባስ ሙሉ ጠያቂ መጥቷል፣ እኔም ነበርኩ። ሙዝ የያዘ፣ ለስላሳ የያዘ፣ አንዲት ሴት እንዲያውም የቃሪያ ዳጣ በጠርሙስ ይዛ መጥታለች፤ «ሆስፒታል የሚመላለስ ሰው አፉ ይመርረዋል» ብላ። ሁሉም በሶርሳ እጅ ያለፈ ነው። አንዱ ጉልበቱን፣ አንዷ ክርኗን እያሳየ ይሳሳቃል። «ሳሮ! ሳሮ!» እያሉ ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ የአማርኛውና የወላይትኛው ወሬ ተደባልቋል።

ወይዘሮ ዓመለወርቅ ሲገቡ ቤቱ ዝም አለ። የሶዶ ገበያ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ቁርጭምጭሚታቸውን ያቀኑላቸው ሶርሳ ናቸው።

«ወጌሻ ተሰብሮ አየሁ!» አሉ በሩ ላይ ቆመው። «ከእንግዲህ ዳኛ ታስሮ፣ ቀባሪ ተቀብሮ ባይ አይገርመኝም።»

«ቀባሪማ መቀበሩ መቼ ይቀራል፣ ዓመለወርቅ» አሉ ሶርሳ።

«የኔን እግር ሲያጣምሙት ስንት ጊዜ ነው የጮህኩት! ማርያምን፣ ጎረቤት ሌባ ገባ ብሎ ነበር የወጣው። ተራው የእርስዎ ነው፤ ይጩሁ እስቲ እኔም ልስማ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሶርሳም ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ከአስራ ሁለት ቀን ወዲህ እንዲህ ሲሆኑ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው። ሰው መሃል ገብተው እንደገና ወጌሻ ሆኑ። «ኑ፣ ምን እንደሆነች ላሳያችሁ» ብለው ተነሱና የራጁን ፊልም ወደ መስኮቱ ወሰዱት።

ፊልሙን መስታወቱ ላይ ለጠፉት፤ አዩት፤ አልጣማቸውም። ገለበጡት። ግራ እጃቸውን ዘርግተው በላዩ ላይ አስደገፉ፤ ክንዳቸው ከሥዕሉ አጥንት ጎን ለጎን ሆነ፤ የሥዕሉም አውራ ጣት የሳቸውም አውራ ጣት ወደ አንድ በኩል። ቀኝ እጃቸው አንገታቸው ላይ ስለተንጠለጠለ ፊልሙን የያዘው ያው ግራ እጃቸው ራሱ ነው።

«እዩ፣ ደህናዋ ይቻት። የተሰበረችዋ ይቻት። ደህናዋ እዚህ ጋ እንዴት እንደምትወርድ አያችሁ? የተሰበረችዋ ደግሞ እዚህ ጋ ቀረች።»

«ኧረ!» አለ ሰው።

«አባዬ፣ እንዳትነቃነቅ!» አለች ትህትና ከኋላ። ስልኳን በሰው ጭንቅላት ላይ ከፍ አድርጋ አነሳች። ፎቶው ጥርት ብሎ ወጣ። እዚያው ቆማ ለወንደሰን ላከችው።

ወንደሰን ሦስት ቀን ዞረ። በአራተኛው ቀን «ተገኘ!» ብሎ ደወለ። ትህትና ፎቶ ኮፒ ቤቱ ውስጥ ዘለለች ይላሉ። ዕቃው በአንድ የአውቶብስ ሹፌር እጅ መጣ። መናኸሪያ ሄዳ ተቀብላ፣ አባቷን ይዛ፣ በቀጥታ ሆስፒታል። አስራ ዘጠነኛው ቀን ነበር። «አይብ ላይ ነን» አሉ ሶርሳ በባጃጁ ውስጥ። «ነገ ከገባች ትደርሳለች።» ሚልክያስም ለነገ ጠዋት ተራ ይዞላቸው ነበር።

ሚልክያስ የታሸገውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። በላዩ ላይ የተጻፈውን አነበበ። ደግሞ አነበበ። ከዚያ ምንም ሳይናገር ወደ ቁምሳጥኑ ሄዶ የድሮዋን አወጣና ከጎኑ አኖራት። ሶርሳ ከወንበራቸው ሳይነሱ ሁለቱን አዩ። የፈረንጅኛ ጽሕፈቱን ማንበብ አይችሉም፤ ቅርጿን ግን ከአስራ ስምንት ቀን በፊት በጣታቸው ዳስሰውታል።

«መንታ ናቸው» አሉ።

ትህትና አልገባትም። «ምን ማለት ነው? ምንድን ነው?»

«አሁን ሁለት ግራ አለን» አለ ሚልክያስ።

ለወንደሰን ተደወለ፤ ትህትና ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አደረገች።

«እንዴ ዶክተር፣ ፎቶው እኮ ግራ ነው! ሻጩ የራሱን እጅ ከስልኩ ጎን ዘርግቶ አይቶ ነው የሰጠኝ። ደግሞም የጋሼ ግራ እጅ እዚያው ጎኑ አለ፤ ቁርጥ አንድ ናቸው። ፎቶ ይዋሻል እንዴ?»

«ወረቀቱስ? ቀኝ ብዬ ጽፌያለሁ።»

«እሱንማ ሦስት ሰው ሞከረው፤ ማንም አላነበበውም።»

ሚልክያስ ዓይኑን ጨፈነ። «የቀኝ አላቸው?»

«ይቺንም የመጨረሻዋ ናት ብለው ነው የሰጡኝ።»

ትህትና ፎቶውን ከፍታ አቀበለችው። ሚልክያስ አሰፋው። ተገልብጦ ግራ የመሰለው አጥንት፣ የሶርሳ ግራ ክንድ ከጎኑ። ራጅ ላይ የትኛው እጅ እንደሆነ የምትናገር አንዲት የፈረንጅ ፊደል ጥግ ላይ ትኖራለች። ቢገለበጥ እንኳ ፊደሏ ተገልብጣ ትታያለች፤ ሻጩም ያውቃል። ጥጉ ላይ ግን ፊደል አልነበረችም። ጥጉ ላይ ያለው የሶርሳ አውራ ጣት ነው።

«አሳየኝ» አሉ ሶርሳ።

አሳያቸው። ፊደሏ የት እንደነበረችም አሳያቸው።

«ደህናዋን ከተሰበረችዋ ጎን አስቀመጥኩ» አሉ። «እንደ ሁልጊዜው።» ግራ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው አውራ ጣታቸውን አዩት፤ የሰው ዕቃ የያዙ ይመስል።

ትህትና ማልቀስ ጀመረች። «እኔ ነኝ ያነሳሁት፣ እኔ ነኝ!» ትላለች። ሚልክያስ «የኔ ጽሑፍ ነው» ይላል። ሁለቱ ጥፋቱን ሲሻሙ ሶርሳ «ተዉ እንግዲህ፤ አራት ቦታ ለተሰበረች አንዲት እጅ ይሄ ሁሉ ባለቤት ምን ያደርግላታል?» አሉ። ማንም አልሳቀም።

አማራጩን ሚልክያስ ነገራቸው። ሌላ ፕሌት ይመጣ እንደሆነ ወር ይፈጃል፤ ያኔ የደረቀውን እንደገና መስበር ነው፤ መገጣጠሚያው ውስጥ የገባው ግን ከደረቀ ወዲያ ሰብረውትም አይመለስም። ወይም ነገውኑ ገብቶ በቀጫጭን ሽቦ የሚያዘውን ያህል መያዝ። ሽቦ ለሁለት ስንጥቅ ነው፤ ለአራት አይበቃም።

«አንተ ብትሆን?»

«ሽቦውን።»

«እንግዲያው እሱን አድርግ።»

በማግስቱ ጠዋት አልጋው ላይ ሆነው ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ሲገፉ ሚልክያስን በግራ እጃቸው ጎተት አደረጉት።

«ያ ያኔ የቆረጥከው ሰውዬ፤ ቀኝ ነበር ግራ?»

«ቀኝ» አለ ሚልክያስ።

«አውቃለሁ። አንተም ታስታውሰው እንደሆነ ብዬ ነው።»

ሚልክያስ የከፈተውን ሲያይ ያገኘውን ከወር በኋላ ነግሮኛል። አይቡ ጠንክሯል። ሁለቱን ስንጥቅ መለሰ፤ ሦስተኛውን ከፊል፤ መገጣጠሚያው ውስጥ የገባውን ነካካው፣ አልመጣለትም። «ፕሌቷ እኮ እዚያው ትሪው ላይ ናት፤ ሁለቱም» አለኝ። «ገልብጬ ለካኋት። እንደማትሆን እያወቅኩ ለካኋት። ምን ላድርግ?» 

ጀሶው በስድስት ሳምንቱ ተፈታ፤ ሽቦውም ወጣ። እጃቸው አለ። ማንኪያ ይይዛል፣ መጽሐፍ ቅዱስ ይይዛል፣ ሰላምታም ይሰጣል። አንጓው ግን አይዞርም። አውራ ጣታቸው ደግሞ ወፍራም ጨርቅ ለብሶ እንደሚነካ ሆኖ ቀረ። ነርቭ ነው፤ ይመለስም ይሆናል፣ ላይመለስም ይችላል አሏቸው። በሁለተኛው ወር የቀኝ ፕሌት ለሆስፒታሉ መጣ፤ ሦስት። የመጀመሪያዋ ለአንዲት የሃላሌ መምህርት ዋለች። ሚልክያስ ያን ቀን ወደ ቤሌ ሊደውል ስልኩን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው።

ሶርሳ ቤሌ ተመልሰዋል። በረንዳው እንደ ድሮው ነው፤ ሰው አልቀረም። «ሶርሳ ቤት አሉ?» ይባላል፤ አሉ ይባላል።

አንድ ቅዳሜ ልጠይቃቸው ሄጄ ሳለ አንዲት ሴት መጣች። ይመኙሻል ትባላለች፤ የቤሌ መናኸሪያ ጋ ሻይ የምትሸጥ ወጣት ናት፤ አዳልጧት ክንዷን አሟታል። ሶርሳ እጃቸውን በሞቀ ውሃ ታጠቡ። ቅቤ አቀለጡ። ደህናውን ክንዷን ከታመመው ጎን አስዘረጓት። ቀኝ አውራ ጣታቸውን አጥንቱ ላይ አሳርፈው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ። ቆዩ። አውራ ጣታቸውን ትንሽ ገፋ አደረጉት። ቆዩ። ወደ ግራው እጃቸው ቀየሩ። በጣም ቆዩ። ይመኙሻል እንኳ መጮኋን ትታ ታያቸው ጀመር። «አገኘኋት» የምትለዋን ቃል ሁላችንም ጠበቅናት።

ሶርሳ ዓይናቸውን ገለጡ። «አቡጀዲውን አቀብሉኝ» አሉ። አንዱን ቋጠሮ አሰሩ። ሁለተኛውን በጥርሳቸው።

በሳምንቱ ስመለስ በረንዳው ላይ አገኘኋት፤ ክንዷ በጀሶ ነው፤ ደህና ነች፣ ትስቃለች።

«ዶክተሩ ምን አለሽ?» አሏት ሶርሳ።

«ቀላል ናት አለኝ። አንዴ ብቻ ሳብ አደረጋት፣ አለቀ። ደግሞ ለእርስዎ ንገሪልኝ ብሎኛል።» ድምፁን ለመምሰል ሞከረች። «‹አባባ፣ ይቺኛዋ እኮ የእርስዎ ነበረች› በይልኝ አለ።»

ሶርሳ ቀኝ እጃቸውን በግራቸው ያዙ። ሴትዮዋን ቀና ብለው አዩ።

«መቼ ነው ለቀጠሮ የምትመለሺው?»

«የዛሬ ሳምንት።»

«አላወቅኳትም በይልኝ» አሉ።